የአፄ ቴዎድሮስ መጫወቻ

መቼም በአማርኛ እንደ «ጨዋታ» ያለ ጉደኛ ቃል ጥቂት ነው። ሽማግሌዎች ቡና ከበው ሲያወጉ «ጨዋታ ይዘዋል» እንላለን። እንግዳ ሲመጣ «ቁጭ በልና ተጫወት»፣ ሲነሣ ደግሞ «ምነው፣ ሳንጫወት!» ብለን እንቆጫለን። ቁም ነገረኛ የሚባለው ሰው እንኳ «ጨዋታ ዐዋቂ ነው» ቢሉት ደስ ይለዋል እንጂ አይቀየምም። ይህ ሁሉ ታዲያ የአፍ ጨዋታ ነው። የእጅ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ጭቃ ጠፍጥፎ ቤት የሠራ፣ ሽቦ ጠምዝዞ መኪና ያበጀ ልጅ «አንተ፣ ጨዋታህን ትተህ ወደ ቁም ነገርህ አትሄድም!» ይባላል። ጎልማሳ ሰው በእጁ ሲጫወት ከተገኘማ ጎረቤት «ምን ነክቶት ይሆን?» ብሎ ጠበል መጠቆም ይጀምራል። ለአፋችን እስከ ሽምግልና የተፈቀደው ጨዋታ ለእጃችን በሰባት ዓመቱ የሚከለከለው ለምን እንደሆነ፣ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ አስቤበታለሁ።

ዛሬ ስለ አንድ የእጅ ጨዋታ ላወጋችሁ ነው። ተጫዋቹ ልጅ አይደሉም፣ ንጉሠ ነገሥት ናቸው። መጫወቻቸውም መርከብ ነበር። ከዚያ በፊት ግን መንገዱ እንዲቀናን ጥቂት ባሕር ማዶ ልውሰዳችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1932 ዴንማርክ ውስጥ፣ ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ሥፍራ፣ ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የተባለ አናጢ ነበረ። ያን ጊዜ የዓለም ኢኮኖሚ የወደቀበት ዘመን ነውና ቤት የሚያሠራ ሰው ጠፋ። አናጢው እጁን አጣጥፎ ከሚቀመጥ ብሎ የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። በ1934 ለሥራው ስም ሲያወጣ «ደህና ተጫወት» የሚሉትን ሁለት የዴንማርክ ቃላት አሳጥሮ «ሌጎ» አለው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ባለ ጉብጉብ የፕላስቲክ ጡብ በቅርጹ የባለቤትነት ፈቃድ የተጠየቀበት በጥር 1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1958) ነው። ጡቡ ከላዩ ጉብጉብ ብሏል፣ ከሥሩ ክፍት ሆኖ ቱቦ አለው። ሲጫኑት ይያያዛል፣ ሲስቡት ይላቀቃል። ነገሩ ይኸው ነው። ስምንት ስምንት ጉብታ ያላቸውን ስድስት ተመሳሳይ ጡቦች ለመገጣጠም ስንት መንገድ እንዳለ የሒሳብ ሰዎች ሲያሰሉት 915,103,765 ሆኖ ተገኘ። ስድስት ጡብ ብቻ ነው እኮ!

ታዲያ በዚህ ጡብ መርከብ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የመታጠቢያ ገንዳ ላይ የምትንሳፈፈዋን ማለቴ አይደለም። ዲኤፍዲኤስ የሚባለው የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 የ150 ዓመት ልደቱን ሲያከብር ሠራተኞቹ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ጡብ ገጣጥመው 12 ሜትር የሚረዝም መርከብ አቁመዋል። አንድ የአይስላንድ ልጅ ደግሞ፣ የኦቲዝም እክል ያለበት፣ በ56,000 ጡቦች ወደ 8 ሜትር የሚጠጋ ታይታኒክ ሠርቷል። 11 ወር፣ 700 ሰዓት ፈጀበት። መሐንዲስ አያቱ የእውነተኛውን መርከብ ንድፍ ወደ መጫወቻው ልክ አሳንሰው ቀየሱለት፣ እናቱ አገዘችው፣ ጡቡን እሱ ደረደረ። ልጁ ቀድሞ ከሰው ጋር መነጋገር የሚከብደው ነበር፤ ስለ መርከቡ ለመናገር ግን በሰው ፊት መቆም ቻለ።

«ምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ልክ ነው፣ የፕላስቲክ መርከብ ጭነት አያመላልስም። የጡቡ ጥቅም ሌላ ነው። ያልሆነውን ሥራ ማፍረስ ይቻላል፤ ሲፈርስም ጡቡ ጡብ ሆኖ ይቀራል። ጎኑ የዘመመበት ሰው ለምን እንደዘመመ አይቶ፣ አሥር ረድፍ አንሥቶ፣ እንደገና ይደረድራል። ስሕተት ርካሽ ሲሆን ሰው ይማራል። ስሕተት አንገት የሚያስቆርጥ ሲሆን ግን መሞከር ይቀራል። ይህን ሐሳብ ያዙልኝና ወደ ጣና እንመለስ።

ጣናም ጡብ አለው። ስሙ ደንገል ይባላል። ከሐይቁ ዳር የሚበቅለው ይህ ረጅም ተክል ተቆርጦ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶው በነዶ ላይ እየተጠፈረ ታንኳ ይሆናል። ምስማር የለው፣ ሙጫ የለው። አንዱ ዘንግ ብቻውን በሕፃን እጅ ይሰበራል፤ ሺሁ ሲታሰር ግን ሰውና ማገዶ ጭኖ ከዘጌ ባሕር ዳር ይሻገራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት በዓይን ማየት የፈለገ ታንኳ ሲሠራ ይመልከት። ድክመትም አለው። ደንገሉ ቀስ በቀስ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ባለ ታንኳው ከጉዞ ሲመለስ ዳር አውጥቶ አቁሞ ያደርቀዋል፤ ሲያረጅ ይጥለውና ሌላ ይሠራል።

ይህን ጥበብ ይዘው ከኖሩት ዋነኞቹ ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ሌላው ሰው የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ እያለ አብሯቸው አይበላም፣ አይጋባም ነበር። ታንኳቸው ላይ ለመሳፈር ግን ማንም አልተጠየፈም። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን እንደዚሁ አድርገናል። ማረሻውን ከቀጥቃጭ ተቀብለን ቀጥቃጩን ቡዳ ያልን ሰዎች ነን።

እንግዲህ ወደ ንጉሡ ደረስን። በ1858 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1866) መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ መንግሥት የላካቸው ሦስት ሰዎች፣ ሆርሙዝ ራሳም፣ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክና ሌተና ፕሪዶ፣ አፄ ቴዎድሮስ ያሠሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት መጡ። ከመተማ ተነሥተው ጣናን በምዕራብ በኩል ዞሩ፣ የአገውን ምድር አቋርጠው ዳሞት ከነበረው የንጉሡ ሠፈር ደረሱ። የዛሬው አዊ ማለት ነው የተሻገሩት። ከዚያ ንጉሡ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ወረዱና ዘጌ ላይ ሠፈሩ። ሐይቁ ለአፄ ቴዎድሮስ ራስ ምታት ነበር። የብስ ላይ የሚያቆማቸው ጦር ባይኖርም ደሴቶቹ የሸሸ ሰው መጠጊያ፣ የቤተ ክርስቲያን ንብረት መሸሸጊያ ነበሩ። ፈረሰኛ ውኃ ላይ አይጋልብም።

ሐኪሙ ብላንክ ከምርኮ ወጥቶ በጻፈው መጽሐፉ የነገረን የመርከብ ታሪክ እዚህ ላይ ነው። ንጉሡ የጣናን ደንገል አስቆርጠው፣ በጣም ወፍራም፣ ሆደ ጠፍጣፋ፣ ትልቅ ጀልባ አሠሩ። በግራና በቀኙ ሁለት መንኮራኩር አስገጠሙለት። መንኮራኩሮቹን ሰው በእጁ ያዞራቸዋል። በዚያ ዘመን ብዙ የእንፋሎት መርከብ የሚሄደው ጎንና ጎኑ ላይ ባለ መንኮራኩር ውኃውን እየቀዘፈ ነበርና፣ ንጉሡ የሠሩት የእንፋሎት መርከብ አምሳያ ነው። መልኩ ሁሉ አለ፣ የጎደለው እንፋሎቱ ብቻ ነው።

ሙከራውም ተደረገ። ችግሩ ወዲያው ታየ። ደንገሉ ወፍራም ስለሆነ ጀልባው ውኃው ላይ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ መንኮራኩሩም አየር ይቀዝፋል። ወደ መቶ ሰው ካልተጫነበት መንኮራኩሩ በደንብ ውኃ አይነካም። መቶ ሰው ሲጫንበት ደግሞ መቶ ሰው የሚያጓጉዝ ነገር በጥቂት ሰው ክንድ መዞር አለበት! ጀልባው ከዳር ብዙም ሳይርቅ ቀረ። ሐኪሙ ነገሩን የጻፈው በፌዝ ቃና ነው። የንጉሡ መዝናኛ፣ የንጉሡ ጨዋታ አድርጎ ነው ያየው።

በሐኪሙ መፍረድ አይቻልም፤ በሰንሰለት የታሠረ ሰው አሳሪውን ቢያፌዝበት ይገባዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። እስቲ ነገሩን እንደ ጡብ ደርዳሪ እንየው። ንጉሡ ያደጉት ባሕር በሌለበት ምድር ነው። የእንፋሎት መርከብ ወሬውን ሰሙ፣ ምናልባትም ሥዕሉን አዩ፣ በእጃቸው ያለውን ጡብ አነሡና ደረደሩ። ስሕተታቸው ምን ነበር? መንኮራኩሩ ከፍ ማለቱ። ይህ ደግሞ የሚታረም ስሕተት ነው። ደንገሉን ማቅጠን፣ ወይም መንኮራኩሩን ማስረዘም፣ ወይም ዝቅ አድርጎ መትከል ይቻላል። አንድ ብልህ አናጢና አንድ ሁለት ወር ይበቃው ነበር። የጎደለው ሁለተኛው መርከብ ነው።

ሁለተኛው መርከብ ለምን አልመጣም? ብልሃት ስላልነበረ እንዳንል፣ እኚሁ ንጉሥ የብስ ላይ ምን እንዳደረጉ እናውቃለን። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚስዮናውያን ባለ እጆችን አስቀምጠው መድፍ አስቀልጠዋል። ዋልድማየርና ጓደኞቹ መጀመሪያ ሲታዘዙ መድፍ የመሥራት ሙያ አልነበራቸውም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ንጉሡ ግን አልተቆጡም፤ ድገሙት አሉ። ደገሙት። ከአንዱ ክሽፈት ወደሌላው እየተማሩ ሄደው በመጨረሻ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። ጋፋት ላይ ምድጃ ነበረ፣ ቋሚ ሠራተኛ ነበረ፣ የትናንቱን ስሕተት ዛሬ የሚያስታውስ ሰው ነበረ። ዘጌ ላይ ይህ አልነበረም። ዘጌ ሠፈር ነው፤ ሠፈር ይነሣል። ወረርሽኝ ገባና በሰኔ ገደማ ንጉሡ ድንኳናቸውን ነቅለው ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። መርከቡ እዚያው ቀረ። የተማረው ሰው ተበተነ።

እዚህ ላይ ታሪክ የራሱን ጨዋታ ተጫወተ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ንጉሡ ሚስዮናዊውን ማርቲን ፍላድን ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ልከው ባለ እጆችና መሣሪያ ጠይቀው ነበር። እንግሊዞች ባለ እጆቹንም ማሽኑንም ልከው እስከ ምጽዋ አድርሰውታል። ነገር ግን «መጀመሪያ እስረኞቹ ይለቀቁ» አሉ፤ ንጉሡ «መጀመሪያ ባለ እጆቹ ይምጡ» አሉ፤ በመሐል ሰዎቹ ደጋውን ሳይወጡ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የእንፋሎት መርከብ በእርግጥ መጣላቸው። የጄኔራል ናፒየርን ጦር ጭነው በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከቦች ዙላ ወደብ ላይ፣ ከጥንቱ አዱሊስ አጠገብ፣ መልሕቅ ጣሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ንጉሡ በደንገል የቀረጹትን ነገር እውነተኛውን ሳያዩት፣ እሱ ባመጣው ጦር ፊት ራሳቸውን ሠዉ።

በዚህ ታሪክ ላይ ስኳር መነስነስ አልፈልግም። ያ መርከብ ቢሄድ ኖሮ የሚሄደው ወደ ደሴቶቹ ነበር። ንጉሡ በኋላ ምጥራሐ ደሴትን ሲያገኟት ያደረሱባትን እሳት ያነበበ ሰው፣ መንኮራኩሩ ከፍ በማለቱ ለጣና መነኮሳት «እንኳን!» ቢል አይፈረድበትም። የሥራው ዓላማና የሥራው ትምህርት ለየቅል ናቸው። እኔ የምቆጨው ለትምህርቱ ነው።

አንድ መቶ ዓመት እንለፍ። በ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1969) ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ አሳሽ ወደ ጣና መጣ። የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ይዟል። ሊቃውንቱ ደንገል በጨው ባሕር ላይ በሁለት ሳምንት ይበሰብሳል ብለውታል። እሱ ግን እንሞክረው አለ። ግብፅ ውስጥ በቂ ደንገል አልተረፈምና ከጣና 12 ቶን አስቆርጦ በቀይ ባሕር በኩል ወሰደ። ከጊዛ ፒራሚዶች ሥር፣ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለ እጆች፣ በመቃብር ግድግዳ ላይ የተሳለውን የጥንት ጀልባ እያዩ «ራ» የተባለውን መርከብ አሠሩለት። የጣናው ሣር ሄደ፣ የጣናው ባለ እጅ አልሄደም። ይህ ነገር ባነበብኩት ቁጥር ይቆጠቁጠኛል።

«ራ» በግንቦት 1961 ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሣ። 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ። ደንገሉ አልበሰበሰም! የወደቀው ጭራው ነው። የኋላው ክፍል ቀስ በቀስ ውኃ ውስጥ ሰጠመና በሐምሌ፣ ባርባዶስ ለመድረስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሰዎቹ መርከቡን ጥለው በሌላ ጀልባ ተረፉ። ታዲያ ሄየርዳል ምን አደረገ? ወደ ግብፃውያኑ ሥዕል ተመልሶ አየ። በሥዕሉ ላይ ከተቆለመመው ጭራ ጫፍ ወደ መርከቡ ወለል የሚወርድ ገመድ አለ። የእርሱ ሰዎች ይህን ገመድ ለውበት፣ ጭራውን አጉብጦ ለመያዝ ብቻ ያለ መስሏቸው ትተውት ነበር። ለካ የኋላውን ክፍል ደግፎ የሚይዘው፣ ማዕበል ሲመጣ እንደ ስፕሪንግ የሚያጥፈውና የሚያቀናው እሱ ኖሯል። አራት ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ሥዕል ውስጥ አንዲት መስመር ንቀው ነው መርከብ ያጡት።

ሁለተኛው መርከብ ግን መጣ። ዓመት ሳይሞላ፣ አሁንም በጣና ደንገል፣ በደቡብ አሜሪካ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አራት የአይማራ ተወላጆች 12 ሜትር የሚረዝመውን «ራ ሁለት» ሳፊ ላይ ሠሩ። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ተነሥቶ በ57 ቀን፣ 6,100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ሐምሌ 5 ቀን ባርባዶስ ገባ። ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮን ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። የኛ ሐይቅ ሣር ነው እንግዲህ አትላንቲክን ተሻግሮ በክብር የቆመው።

የሁለቱን ሙከራዎች ልዩነት ልብ በሉ። አፄ ቴዎድሮስም ሄየርዳልም ከአንድ ሐይቅ፣ አንድ ዓይነት ሣር ቆረጡ። ሁለቱም የመጀመሪያው አልተሳካላቸውም። ሁለቱንም ዐዋቂዎች አፊዘውባቸዋል። አንደኛው ግን የወደቀውን መርከብ ቁጭ ብሎ መረመረው፣ ጻፈው፣ ሌላ ሠራ። የሌላኛው መርከብ ወድቆ ሲቀር ታሪኩን የጻፈልን የሳቀበት ሰው ነው። እኛ ሥራ ሲበላሽ የምናወርሰው ቀልድ ነው፤ ለምን እንደተበላሸ የሚናገር ማስታወሻ አናወርስም።

ይህን ስል ወሬ ብቻ እንዳይመስልባችሁ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር ለዘመድ ልቅሶ ወደ አዘና ሄጄ ነበር። አዘና ከእንጅባራ ወዲያ ያለች፣ የአዊ ዞን ከተማ ናት። ጣና በመኪና ከግማሽ ቀን በታች ነው፣ ባሕሩ ግን የሌላ ዓለም ነገር ነው። ከልቅሶው ቤት ጓሮ፣ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ከተከመረበት ሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ተቀምጦ አንድ ነገር ይሰካካል። ጠጋ ብዬ ሳይ መርከብ ነው። ሦስት ክንድ ይሆናል። አገዳውን በጣት ልክ እኩል እኩል ቆራርጦ፣ ከቅርፊቱ ስንጥር አውጥቶ፣ አንዱን ቁራጭ ካንዱ በስንጥር እየሰፋ ገድግዶታል። ፎቅ አለው፣ የጭስ ማውጫ አለው።

«መርከብ አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«በመጽሐፍ» አለኝ ቀና ሳይል።

«ስንት ቁራጭ ፈጀብህ?»

«ሰባት መቶ ድረስ ቆጥሬ ጠፋኝ፣ ጋሼ።»

«ይንሳፈፋል ታዲያ?»

«የፊተኛው ወንዝ ስንወስደው ተገለበጠ። ፎቁ ከብዶት ነው። ለዚህ ሆዱን አሰፋሁት፣ ከሥሩም ጠጠር አስሬበታለሁ።»

ደንግጬ ዝም አልኩ። ይህ ልጅ ስለ መርከብ ሚዛን ማንም አላስተማረውም። ወንዙ ነው ያስተማረው። ከሁሉም በላይ «ለዚህ» የምትለዋ ቃል ነች ልቤን የነካችው። ሁለተኛ መርከብ ነው የሚሠራው! አባትየው ደግሞ ከኋላዬ መጡና «ጋሼ፣ እባክዎ አያበረታቱብኝ፤ ለትምህርቱ ሰነፈ» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ልጃቸው ተምሮ ከእርሻ እንዲወጣላቸው የሚመኙ፣ ለደብተርና ለዩኒፎርም ላባቸውን የሚያፈሱ አባት ናቸው። ትምህርት ማለት ለእርሳቸው ደብተር ነው፣ ፈተና ነው። ይህን ያስተማርናቸው ደግሞ እኛው ነን፣ አስተማሪዎቹ። እኔ ራሴ ባስተማርኩበት ዘመን ያየሁት ሥርዓት ተማሪው አንዴ ጽፎ አንዴ ማርክ የሚቀበልበት ነው። ቀይ እስክሪብቶ ካረፈበት በኋላ ወረቀቱን መልሶ የሚያይ አልነበረም። ስንት ልጅ ስሕተቱን ሳይመረምር፣ ቁጥሩን ብቻ አይቶ አጣጥፎ ኪሱ ከቷል!

በሦስተኛው ቀን ስሰናበት የመርከቡ ግማሽ ምድጃ ገብቷል። ለልቅሶ የመጣው ሰው ብዙ ነው፣ ማገዶ ያስፈልጋል፣ አገዳ ደግሞ ማገዶ ነው። ማንም በክፋት አላደረገውም። ልጁ የተረፈውን ጎን ይዞ ስንጥሮቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ኪሱ ይከታል። «አገዳው ሞልቷል» አለኝ፣ «ስንጥሩ ነው የሚያደክመው።»

«ባሕር የሌለው አገር ልጅ መርከብ ምን ይሠራለታል?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ለዚህ መልሱ ሩቅ አይደለም። ባለፉት ዓመታት ባሕር ዳር ላይ በባሕር ምሕንድስና የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በዓለም መርከቦች ላይ ተቀጥረው ሠርተዋል። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ ወደብ ባይኖራትም ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የንግድ መርከብ ድርጅት ያላት አገር ናት። ግን ይህ ሁሉ ባይኖርም መልሴ አይለወጥም። ዴንማርካዊው አናጢ መጫወቻ የሠራው ዓለም መጫወቻ ስለቸገረው አይደለም፤ እጁ ሥራ እንዳይፈታ ነው። መርከብ የሠራ ልጅ ነገ ድልድይ ይሠራል፣ የውኃ መሳቢያ ያስተካክላል፣ ወይም የተበላሸን ነገር «ለምን ተበላሸ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይሆናል። ይህ ሰው ከመርከቡ ይበልጥ ያስፈልገናል።

ጣና ላይ ደግሞ ጊዜው እየጠበበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የዳሩን ውኃ ወርሯል። የደንገሉም ቦታ ለእርሻና ለግጦሽ እየተገፋ ሳስቷል። የሞተር ጀልባ ታንኳውን እየተካው ነው፤ ይህ ተፈጥሯዊ ነው፣ አላለቅስበትም። ነገር ግን ደንገሉን እንዴት እንደሚመርጡት፣ ስንት ቀን እንደሚያደርቁት፣ ነዶውን የት ላይ እንደሚያጠብቁት የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ ማንም ቁጭ ብሎ ካልጻፈው፣ የነገ ሄየርዳል ሲመጣ ሣሩንም እጁንም አያገኝም።

እኔ ባለሥልጣን አይደለሁም፣ አዋጅ ማወጅ አልችልም። የምመኘው ትንሽ ነገር ነው። በየትምህርት ቤቱ አንዲት ክፍል ትኑር። የጭቃው መኪና፣ የአገዳው መርከብ፣ የቀርቀሃው ድልድይ ይቀመጥባት። የተሳካው ብቻ ሳይሆን የተገለበጠውም ይቀመጥ፤ አጠገቡም ልጁ በራሱ እጅ «ፎቁ ከብዶት ተገለበጠ» ብሎ የጻፈው ወረቀት ይለጠፍ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ያንን አንብቦ ሆዱን ያሰፋል። መምህሩም ማርክ የሚሰጠው ለሁለተኛው ሥራ ይሁን። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ አገዳው በየጓሮው አለ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ማገዶ ሲጎድል እጃችንን ወደዚያች ክፍል አለመስደድ።